የዘገየችው ጨረቃ እና ኦሌ ሮመር

በቴሌቪዥን ዜና ላይ ይሄን ነገር ሳታዩ አትቀሩም። ስቱዲዮ ያለው ጋዜጠኛ ከሌላ አገር በሳተላይት የሚዘግበውን ባልደረባውን አንድ ጥያቄ ይጠይቀዋል። ያኛው ማይክሮፎኑን እንደያዘ ዝም ብሎ ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው መልስ የሚጀምረው። ብዙ ተመልካች ጥያቄው የከበደው ወይም ያልተሰማው ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ድምፁ ገና መንገድ ላይ ነው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪ.ሜ. ከፍታ ላይ የተቀመጠ ከሆነ ሲግናሉ ወጥቶ ለመውረድ ብቻ የሰከንድ ሩብ ያህል ይፈጅበታል። መልሱም በዚያው መንገድ መመለስ ስላለበት በድምሩ ግማሽ ሰከንድ ይሆናል። ከዚያ የተረፈው መዘግየት የመሣሪያዎቹ ነው።

ይሄን መዘግየት ከጋዜጠኛም በላይ በጆሯቸው የሚያውቁት የአማተር ሬዲዮ ሰዎች ናቸው። አማተር ሬዲዮ ማለት ሰዎች ደመወዝ ሳይከፈላቸው፣ ለእውቀትና ለፍቅሩ ሲሉ፣ ፈቃድና የመለያ ጥሪ ይዘው በራሳቸው መሣሪያ የሚገናኙበት ሥራ ነው። የመጀመሪያዋ የአማተሮች ሳተላይት ኦስካር 1 ወደ ሕዋ የወጣችው ዲሴምበር 12 ቀን 1961 ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ስለ አቆጣጠር ጉዳይ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።) እሷና ከእሷ በኋላ የተከተሉት አብዛኞቹ ዝቅ ብለው ስለሚዞሩ መዘግየታቸው በሺህኛ ሰከንዶች የሚቆጠር ነው፤ ጆሮ አይለየውም። በኖቬምበር 2018 ግን ኤስሃይል 2 በተባለችው የኳታር ሳተላይት ላይ የአማተሮች መሣሪያ ተጭኖ ወጣ። አማተሮቹ ኪው ኦ 100 ይሉታል። ይህች ሳተላይት ከላይ በጠቀስኩት ከፍታ ላይ ያለች ናት፤ የምትሸፍነው ቦታም ኢትዮጵያን ይጨምራል። በእሷ በኩል የሚናገር ሰው የገዛ ድምፁን ከሩብ ሰከንድ በኋላ በጆሮ ማዳመጫው መልሶ ይሰማዋል። ያልለመደ ሰው ምላሱ ይተሳሰርበታል። ጨረቃን እንደ መስታወት ተጠቅመው ሲግናላቸውን የሚያስነጥሩት ደግሞ ከ2.5 ሰከንድ በኋላ ነው የራሳቸውን ምልክት የሚቀበሉት።

ታዲያ መልእክት በባዶ ሕዋ ውስጥ ሲጓዝ ጊዜ እንደሚፈጅበት መጀመሪያ ያሳየው ማነው? ሬዲዮ ከመፈጠሩ ከ200 ዓመት በፊት የነበረ ሰው ነው። የሚገርመው እሱም ያገኘው በሳተላይት ነው፤ ብቻ ሳተላይቷ ሰው የሠራት አልነበረችም። ለዛሬ የማቀርብላችሁ የዚህን ሰው፣ የዴንማርካዊውን የኦሌ ሮመርን ሕይወት ነው። እኔ የጋዜጠኝነት እንጂ የፊዚክስ ተማሪ አይደለሁም። ሆኖም ሮመርን የመረጥኩት በጋዜጠኝነት ምክንያት ነው፤ እዚያ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ሮመር ሴፕቴምበር 25 ቀን 1644 ኦርሁስ በምትባል የዴንማርክ ከተማ ተወለደ። አባቱ ክርስተን ፔደርሰን ይባል ነበር፤ ነጋዴና መርከበኛ ነው። በከተማው ውስጥ በዚሁ ስም የሚጠሩ ሌሎች ሰዎች ስለነበሩ አባትየው ከነሱ ለመለየት የሮሞ ደሴት ሰው መሆኑን የሚገልጸውን ሮመር የሚል ስም ጨመረ፤ ልጁም በዚያው ታወቀ። በ1662 ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያ ያስተማረው ራስሙስ ባርቶሊን የሚባል ሊቅ ነው። ባርቶሊን በ1669 ስለ አንድ የአይስላንድ ድንጋይ ጽፎ ስም ያተረፈ ሰው ነው፤ ድንጋዩ መስታወት የመሰለ ሲሆን በውስጡ የሚታይን ነገር ሁለት አድርጎ ያሳያል። መምህሩ ተማሪውን ወደደውና ከባድ አደራ ሰጠው። ታይኮ ብራሄ የሚባለው ዝነኛ የዴንማርክ የከዋክብት ተመራማሪ ትቷቸው የሞተውን የምልከታ ጽሑፎች ለኅትመት እንዲያዘጋጅ ነው የሰጠው። ብራሄ ያለ ቴሌስኮፕ፣ በባዶ ዓይኑና በትላልቅ መለኪያዎች ሰማይን ዕድሜውን ሙሉ የመዘገበ ሰው ነው። ወጣቱ ሮመር እንግዲህ ትምህርቱን የጨረሰው የሌላ ሰው ቁጥሮች ላይ አቀርቅሮ ነው። አሰልቺ ሥራ ይመስላል አይደል? በኋላ የጠቀመው ግን እሱ ነው።

በዚያ ዘመን ትልቁ ራስ ምታት ኬንትሮስ ነበር። አንድ መርከብ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደሄደ ፀሐይንና ከዋክብትን አይቶ ያውቃል፤ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ያለውን ርቀት ግን በትክክል የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ለዚህ የሚያስፈልገው ሁሉም ሰው ባለበት ሆኖ እኩል የሚያየው ሰዓት ነው። ዛሬ በሬዲዮ ሰዓት ሲነገር ሁላችንም የእጅ ሰዓታችንን እንደምናስተካክለው ማለት ነው። ጋሊልዮ በ1610 የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ሲያገኝ እንዲህ ያለ ሰዓት ሰማይ ላይ ተገኘ ተባለ። ከአራቱ ለጁፒተር በጣም የምትቀርበው አዮ በ42 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ዙር ትጨርሳለች፤ በየዙሩም የጁፒተር ጥላ ውስጥ ገብታ ትጠፋለች፣ ከዚያ ትወጣለች። በሁለት ከተሞች ያሉ ሰዎች ይህንኑ ግርዶሽ አይተው እያንዳንዳቸው በአካባቢያቸው ስንት ሰዓት እንደነበረ ቢመዘግቡ፣ የሰዓቱ ልዩነት በከተሞቹ መካከል ያለውን የኬንትሮስ ልዩነት ይሰጣል። አንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ነው።

በ1671 ዣን ፒካር የተባለ ፈረንሳዊ ወደ ዴንማርክ የመጣው ለዚሁ ነው። የብራሄ የምልከታ ሥፍራ የነበረችውን የቬን ደሴት ትክክለኛ ቦታ መለካት ፈለገ። የብራሄን ጽሑፎች የሚያውቅ ረዳት ሲፈልግ ሮመርን አገኘ። ሁለቱ ደሴቷ ላይ ሆነው የአዮን ግርዶሾች ሲመዘግቡ፣ ጣሊያን የተወለደው ታላቁ ካሲኒ ደግሞ ፓሪስ ላይ ሆኖ እነዚያኑ ይመዘግብ ነበር። ፒካር ሥራውን ሲጨርስ ልጁን ትቶት መሄድ አልፈለገም። በ1672 ሮመር ፓሪስ ገባ። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ባሠራው አዲስ የከዋክብት መመልከቻ ውስጥ ሥራ ተሰጠው፤ የንጉሡን አልጋ ወራሽም ሒሳብ አስተማረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ገባን። ካሲኒ አዮ መቼ መቼ እንደምትጋረድ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አዘጋጅቷል። ሠንጠረዡ ግን ከሰማዩ ጋር አልገጥም አለ። ምድር በምህዋሯ ላይ ወደ ጁፒተር ስትጠጋ ግርዶሹ ከተጻፈለት ሰዓት ቀድሞ ይታያል፤ ምድር ከጁፒተር ስትርቅ ደግሞ ይዘገያል። መዘግየቱ በአንድ ዙር ሲታይ ቢበዛ 15 ሰከንድ አካባቢ ነው፤ በዚያ ዘመን ሰዓትና በዚያ ዘመን ቴሌስኮፕ ይህን መለየት ከባድ ነው። ዙሮቹ ሲጠራቀሙ ግን ደቂቃዎች ይሆናሉ።

ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል? ሰዓቱ ተሳስቷል ማለት ይቻላል። ሠንጠረዡ ተሳስቷል ማለትም ይቻላል። ጨረቃዋ ራሷ አንዳንዴ ትፈጥናለች፣ አንዳንዴ ትንቀራፈፋለች ማለትም ይቻላል። ሮመር ያለው ግን ከነዚህ አንዱንም አይደለም። ጨረቃዋም ሰዓቱም ደህና ናቸው፤ ጊዜ የፈጀው ዜናው እኛ ጋ እስኪደርስ ነው አለ።

ለራሴ የገባኝ በዚህ ምሳሌ ነው። ወንድማችሁ ከአዲስ አበባ በየሳምንቱ ሰኞ ሰኞ ደብዳቤ ይልክላችኋል እንበል። አዳማ ሳላችሁ ማክሰኞ ይደርሳችኋል። ድሬዳዋ ስትሄዱ ረቡዕ ይሆናል። ጅጅጋ ስትደርሱ ሐሙስ። ወንድማችሁ ሰነፈ ማለት ነው? አይደለም፣ እሱ እኮ ሰኞ ሰኞ እየላከ ነው። የራቃችሁት እናንተ ናችሁ። እንዲያውም የዘገየበትን ቀን ቆጥራችሁ፣ ርቀቱንም ካወቃችሁ፣ የፖስታ መኪናው በቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ማስላት ትችላላችሁ። ሮመር ያደረገው ይሄንን ነው፤ ፖስታ ቤቱ ጁፒተር፣ መኪናው ብርሃን ሆኖ።

ይህ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቀላል አባባል አልነበረም። ከአሪስቶትል ጀምሮ እስከ ዴካርት ድረስ ብርሃን ጊዜ አይፈጅም፣ በቅጽበት ሁሉም ቦታ ይደርሳል የሚለው ነበር የሊቃውንቱ እምነት። ጋሊልዮ ተጠራጥሮ በፋኖስ ሙከራ እንዲደረግ ሐሳብ ቢያቀርብም በአጭር ርቀት ምንም ልዩነት አልተገኘም። እንዴት ይገኛል? ብርሃን በሰከንድ 299,792 ኪ.ሜ. የሚሄድ ነገር ነው፤ ከአንድ ኮረብታ ወደ ሌላ ኮረብታ በፋኖስ የሚያዝ አይደለም።

ሮመር ሐሳቡን በወሬ አልተወውም። ኖቬምበር 9 ቀን 1676 አዮ ከጥላው የምትወጣው ሠንጠረዡ ከሚለው ሰዓት 10 ደቂቃ ዘግይታ እንደሚሆን አስቀድሞ ተናገረ። ቀኑ ደረሰ፤ አዮም 10 ደቂቃ ዘግይታ ብቅ አለች። በዚያው ወር ሮመር በፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ፊት ቀርቦ ብርሃን የምድርን ምህዋር ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ 22 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል አለ። ትክክለኛው 16 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ገደማ ስለሆነ ቁጥሩ በዝቷል። ቁጥሩ ቢበዛም ብርሃን ጊዜ ይፈጃል የሚለው ዋናው ነጥብ አልተነካም። ሮመር በዚያ ጊዜ 32 ዓመቱ ነው።

አለቃው ካሲኒ ግን አልተቀበለውም። የሚገርመው በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ካሲኒ ራሱ ብርሃን ጊዜ ይፈጅ ይሆናል የሚል ሐሳብ ለአካዳሚው አንስቶ ነበር፤ በኋላ ተወው። ምክንያቱን ብንመረምር ምቀኝነት ነው ብሎ መደምደም ይከብዳል። የካሲኒ ክርክር እንዲህ ነው፦ መዘግየቱ የብርሃን ከሆነ በአራቱም ጨረቃዎች ላይ እኩል መታየት አለበት፤ በሦስቱ ላይ ግን አይታይም። ይሄ ደህና ጥያቄ ነው። መልሱ የሦስቱ እንቅስቃሴ ገና በደንብ ስላልታወቀ መዘግየቱ በሌላ ስህተት ውስጥ ተሸፍኖ ነበር የሚል ነው፤ ያኔ ግን ይሄን ማረጋገጥ አይቻልም። እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላው ነው። አንድ ወጣት የውጭ አገር ሰው፣ በሰው ቤት ሆኖ፣ በሠንጠረዡ ባለቤት ፊት ሠንጠረዡ ይጎድለዋል ብሎ ቆመ። ከዚያ በኋላ ሮመር ስለዚህ ግኝቱ የተሟላ መጽሐፍም ሆነ ጥናት አሳትሞ አያውቅም።

ታዲያ እኛ እንዴት ሰማን? በጋዜጠኛ ነው። ዲሴምበር 7 ቀን 1676 ዡርናል ዴ ሳቫን የሚባለው የፓሪስ መጽሔት ጥቂት ገጽ የሆነች አንዲት ዘገባ አወጣ። መጽሔቱ በ1665 መታተም የጀመረ፣ አዳዲስ መጻሕፍትንና ግኝቶችን ለተማሩ ሰዎች የሚያደርስ ነበር። በዘገባዋ ላይ የጸሐፊው ስም የለም። ሮመር ምን እንዳየ፣ ለምን በአንድ ዙር ሳይሆን በብዙ ዙር መቁጠር እንዳስፈለገ፣ የኖቬምበር 9ኙ ትንበያ እንዴት እንደተሳካ ሁሉም በቅደም ተከተል ተቀምጧል። ሥዕላዊ መግለጫ ሳይቀር አለው። ዘገባዋ በ1677 በእንግሊዝኛ ተተርጉማ ለንደን በሚታተመው ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ ላይ ወጣች። ሆላንዳዊው ሃይገንስ ነገሩን ሲሰማ ለሮመር ደብዳቤ ጽፎ ዝርዝሩን ጠየቀው፤ በ1690 ባሳተመው ስለ ብርሃን በሚናገር መጽሐፉም የሮመርን 22 ደቂቃ ይዞ ፍጥነቱን አሰላ። ያገኘው በዛሬው መለኪያ በሰከንድ ከ200,000 ኪ.ሜ. ትንሽ የሚበልጥ ነው። ሮመር የብርሃን ፍጥነትን ለካ እየተባለ ይጻፋል፤ እሱ ግን የሰጠው ደቂቃውን ነው፣ ዘገባዋም ከዚያ አልፋ ፍጥነት አልጻፈችም። ስሙ ያልታወቀው ሰው ያልተነገረውን አልጨመረም። በክፍል ውስጥ ዜና አጻጻፍ ስንማር ስለ ዋና ዋና ጋዜጠኞች ብዙ ስም ተነግሮናል፤ እኔ ግን የዚህን ሰው ስም ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ሮመር በ1679 እንግሊዝ ሄዶ ከኒውተን፣ ከሃሌይና ከፍላምስቲድ ጋር ተገናኘ። እነሱ ሐሳቡን የተቀበሉ ሰዎች ናቸው። በ1681 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የአስትሮኖሚ ፕሮፌሰር ሆነ፣ የመምህሩን የባርቶሊንን ልጅ አና ማሪን አገባ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሕይወቱ የአንድ ሰው አይመስልም። በ1683 ለመላው ዴንማርክ አንድ ወጥ የሚዛንና የርዝመት መለኪያ አወጣ። የዴንማርክ ማይል የተባለው፣ 7.5 ኪ.ሜ. ገደማ የሆነው ርቀት፣ የእሱ ነው። ቴርሞሜትር ሠራ፤ በእሱ መለኪያ ውኃ በ7.5 ይረጋል፣ በ60 ይፈላል። በ1708 ፋራናይት የሚባል ወጣት መጥቶ አሠራሩን አየ፤ ዛሬ በአሜሪካ የሚሠራበት የፋራናይት መለኪያ መነሻው ይህ ጉብኝት ነው። በ1705 የኮፐንሃገን ፖሊስ አዛዥ ሆነ። ሲገባ ፖሊሶቹ ሞራላቸው የወደቀ ሆነው ስላገኛቸው ሁሉንም አባረራቸው። የከተማዋን መንገዶች በዘይት መብራት ያበራው፣ የውኃና የፍሳሽ ቦዩን ያስተካከለውም እሱ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩን ጉዳይ አልረሳሁትም። ዴንማርክ እስከ 1700 ድረስ በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ነበረች። ሮመር ንጉሡን አሳምኖ ወደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር አዛወራት። የአገሩ ሰው ፌብሩዋሪ 18 ተኝቶ ሲነቃ ማርች 1 ሆነ፤ 11 ቀን ጠፋ። እኛ ኢትዮጵያውያን በሁለት አቆጣጠር መካከል ስንደምርና ስንቀንስ ስለምንኖር ይሄ ብዙም አይደንቀን ይሆናል፤ ግን የደመወዝና የዕዳ ቀን ያለበትን ሰው አስቡት።

ይሄ ሁሉ ሥራ ሌሊቱን አልወሰደበትም። ኮከብ በሰማይ መካከለኛ መስመር ላይ የሚያልፍበትን ቅጽበት የሚይዝ አዲስ መሣሪያ ሠራ፤ ከኮፐንሃገን ወጣ ባለ መንደርም የራሱን መመልከቻ አቋቋመ። እያንዳንዱን ሌሊት መዘገበ። ሴፕቴምበር 19 ቀን 1710 በ65 ዓመቱ ሲሞት የተወው የምልከታ መዝገብ ብዙ ነበር። መዝገቡ ክብ ግንብ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው መመልከቻ ውስጥ ተቀመጠ።

በኦክቶበር 1728 ኮፐንሃገን ተቃጠለች። እሳቱ ለቀናት ቆየ፤ የሮመርም መዛግብት አብረው ነደዱ። ረዳቱ የነበረው ሆሬቦው ያተረፈው ጥቂት ነው። ከተረፉት ዋናው በኦክቶበር 1706 በሦስት ሌሊት የተደረገው ምልከታ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲመዘግብ ኖሮ የተረፈለት ሦስት ሌሊት! ወጣት ሆኖ የብራሄን ጽሑፎች ለሌላ ትውልድ ለማትረፍ የደከመ ሰው የእሱ ጽሑፎች ላይ ይህ ደረሰ። ስለ አዮ የጻፋቸው ቁጥሮች ያሉበት አንድ ወረቀት ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ኮፐንሃገን ውስጥ ተገኝቷል።

እሳቱ በተነሳ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ1729 መጀመሪያ፣ ብራድሊ የሚባል እንግሊዛዊ ጁፒተርን ጨርሶ ሳይነካ፣ የከዋክብትን ቦታ ጥቃቅን ለውጥ በመለካት ብቻ ብርሃን ጊዜ እንደሚፈጅበት አረጋገጠ። ከፀሐይ እስከ ምድር 8 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ አለ። ሮመር ከሞተ 18 ዓመት አልፎታል። ከዚያ በኋላ ተቃዋሚ የሚባል አልቀረም።

አዮ ግን ከሬዲዮ ሰዎች ጋር ገና ትውውቅ ነበራት። በ1955 ቡርክና ፍራንክሊን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ22 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ሲያዳምጡ እንግዳ ጫጫታ ሰሙ። መጀመሪያ በአካባቢው የሚያልፍ መኪና ሞተር መስሏቸው ነበር፤ በኋላ ከጁፒተር የሚመጣ ሆኖ ተገኘ። በ1964 ደግሞ ጫጫታው አዮ በምህዋሯ ላይ ካለችበት ቦታ ጋር እንደሚያያዝ ታወቀ። ዛሬ ይህን ለመስማት ትልቅ ተቋም አያስፈልግም። አማተሮች ሁለት እንጨት ላይ የሽቦ አንቴና ዘርግተው 20 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ያዳምጡታል፤ አንዳንዴ የባሕር ሞገድ ዳር ሲመታ የመሰለ ድምፅ አለው፣ አንዳንዴም እሳት ላይ እንዳለ ፈንዲሻ ይንጣጣል። ቀድመው ለመዘጋጀት አዮ መቼ የት እንደምትሆን የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይዘው ይቀመጣሉ። ሠንጠረዡ ላይ ግን ሬዲዮው ሕዋውን ለማቋረጥ የሚፈጅበት ጊዜ መደመር አለበት፤ ጁፒተር ቅርብ ስትሆን ወደ 35 ደቂቃ፣ ሩቅ ስትሆን ከ50 ደቂቃ በላይ።